«ፋይልዎ ተቃጥሏል»

«ፋይሉ የለም» የምትለዋን ቃል አዲስ አበባ ጥያት የመጣሁ መስሎኝ ነበር። በልጅነቴ አባቴን ተከትዬ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ያደግሁባት ቃል ናት። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሻያቸውን ፉት ብለው «ፋይሉ የለም፤ ሰኞ ተመለሱ» ይላሉ። ሰኞ ስንመለስ ደግሞ ሰውዬው ራሳቸው የሉም። ቨርጂኒያ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ክረምት ያቺው ቃል፣ አርማ ባለው ፖስታ ታሽጋ፣ ጎረቤቴ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጠበቀችኝ።

ጎረቤቴ የዘጠና ሦስት ዓመት አዛውንት ናቸው። እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ መጥታ ካየቻቸው ቀን ጀምሮ «አባባ» ትላቸዋለች፤ ትርጉሙን ባያውቁትም ሲጠሩበት አቤት ይላሉ። ኮሪያ ዘምተዋል፤ እግረኛ ወታደር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 ተሰናበቱ። ካልሲያቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ግራ ባታቸው ላይ ባቄላ የምታስቀምጥ ጎድጓዳ ጠባሳ ትታያለች፤ የሞርታር ፍንጣሪ የተዋት ናት። ስለዚህች ጠባሳ ለዘመናት ያነሳም የጠየቀም አልነበረም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የልጅ ልጃቸው ሣጥን ስታገላብጥ «አያቴ፣ ለቆሰለ የሚሰጠው ሜዳይ የታለ?» አለች። የለም። በስንብት ወረቀታቸው ላይ በጠላት እርምጃ ስለደረሰ ቁስል የሚጠይቅ ሳጥን አለ፤ ጸሐፊው በታይፕ «የለም» ብሎ ሞልቶታል።

«ያኔ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ቤቴ መግባት ነበር የፈለግሁት። ፈርም ያሉኝን ፈረምኩ።»

ሜዳዩ ፐርፕል ሃርት ይባላል፤ ልብ ቅርጽ ያለው ሐምራዊ ነገር ነው። የሚሰጠው ደግሞ በጀግንነት አይደለም። በጠላት እጅ መቁሰል፣ ቁስሉ ሐኪም የሚያስፈልገው ሆኖ መገኘት፣ ሕክምናውም በመዝገብ መስፈር አለበት፤ ይኸው ነው። ችግሩ ያለው ከመጨረሻዋ ላይ ነው። ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብዳቤ ባጭሩ «ማኅደርዎ በ1973ቱ እሳት ከወደሙት አንዱ ሳይሆን አይቀርም» ይላል።

እሳቱ እውነት ነው፤ ሰበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1973 ሚዙሪ ውስጥ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ማኅደር የተከማቸበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ተያያዘ። ለማጥፋት ቀናት ፈጀ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደሮች ወደሙ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር ሰማንያ በመቶው በዚያ ሄደ። እሳቱ የተወውን ውኃው አገኘው፤ የተረፈው ወረቀት ሻጋታ እንዳይበላው የማድረቁ ሥራ ራሱን የቻለ ዘመቻ ነበር። ቅጂ አልነበረም፤ በማይክሮፊልም አልተነሳም። ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣ መንግሥት የወታደሮቹን ታሪክ በአንድ ፎቅ፣ በአንድ ኮፒ ማስቀመጡን ሳስበው «አይጥ በላው» ለሚሉት የእኛዎቹ መዝገብ ቤቶች ትንሽ አዘንኩላቸው።

ማኅደር ሲቃጠል ግን ሁሉም ነገር አይቃጠልም፤ እኔና አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንለቅመው ከዚያ የተረፈውን ነው። በዚያ ዘመን የሻምበሉ ጸሐፊ በየጠዋቱ አንድ ገጽ ይሞላ ነበር፦ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ቆሰለ፣ ማን ጠፋ። ይህ የጠዋት ሪፖርት ሌላ ቦታ ተቀምጦ ስለነበር ለብዙ ሰው ደርሶለታል። ሌላው መንገድ የሆስፒታል ነው። የጦሩ ሕክምና ክፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮሪያ ዘመን የተኙ ሕሙማንን ለስታትስቲክስ ሲል መዝግቦ ኖሯል፤ መዝገቡም ኋላ ወደ ኮምፒውተር ቴፕ ተገልብጧል። ቴፖቹ ተረስተው ቆይተው በ1988 ለመዝገብ ቤቱ ተሰጡ። በስም ግን አይፈለጉም፤ በወታደሩ መለያ ቁጥር እንጂ። ሦስተኛው የጓዶች ምስክርነት ነው። አባባ የአራት ጓዶቻቸውን ስም በደብተር ጽፈው ነበር፤ ሦስቱ አጠገብ ትንሽ መስቀል አለች፤ አራተኛው ስልክ አያነሳም።

ይህ ሁሉ ተለቅሞ የሚቀርብለት የምድር ጦሩ መዝገብ አራሚ ቦርድ አለ። እስከ 1946 ድረስ አንድ ወታደር ወረቀቱ እንዲስተካከልለት ከፈለገ ኮንግሬሱ ለእሱ ብቻ ሕግ ማውጣት ነበረበት። እንደራሴዎቹ በዚህ ሲሰለቹ ሥራውን ለሲቪሎች ቦርድ አስረከቡት። ማመልከቻው ገንዘብ አይጠየቅበትም። ስህተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ይቅረብ ይላል ሕጉ፤ ለፍትሕ ሲባል ግን ቀኑን ማለፍ ይቻላል። እስከዚህ ድረስ የምነቅፈው የለኝም። እንዲያውም ወታደር ያልሆነ ሰው የጦሩን ወረቀት «ተሳስተሃል፤ አርም» ማለት መቻሉ የሚያስቀና ነገር ነው።

እኔን የሚቆረቁረኝ የቦርዱ መነሻ ነው። ቦርዱ ጉዳዩን የሚጀምረው «መንግሥት ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል» ብሎ በመገመት ነው፤ አይደለም የሚል ባለጉዳይ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ያምጣ። ለሌላ ጉዳይ ይህ ግምት ያስኬድ ይሆናል። ማስረጃው በራሱ በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ለተቃጠለበት ሰው ግን ምን ማለት ነው? አደራ ተቀባይ አደራውን አጥፍቶ ሲያበቃ አደራ ሰጪውን «መስጠትህን አስረዳ» እንደማለት ነው። እኛ አገር ይህን ዓይነት ነገር ሽማግሌ ፊት ብታቀርበው ሽማግሌዎቹ ወደ ማን ዞረው እንደሚቆጡ የታወቀ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እዚሁ አሜሪካ፣ በዚያው መንግሥት፣ ተቃራኒው ሕግ መኖሩ ነው። የቀድሞ ወታደሮችን ካሣ የሚወስነው መሥሪያ ቤት፣ ማስረጃው ወዲያና ወዲህ እኩል ሲሆንበት፣ ጥርጣሬውን ለወታደሩ ጥቅም እንዲተረጉም በሕግ ታዟል። እንግዲህ አንድ እግር፣ አንድ ጠባሳ፣ ሁለት ሚዛን። በአንዱ ሚዛን ያ ባት በጦርነት የቆሰለ ነው ተብሎ በየወሩ ገንዘብ ሊከፈልበት ይችላል፤ በሌላኛው ስለዚያው ባት «አልተረጋገጠም» ይባላል። ገንዘቡን ለመስጠት እጁ የተፈታ መንግሥት ጥቂት ብረትና ጥብጣብ ሲሆን እጁን የሚሰበስበው ለምንድን ነው?

መልሱን አላጣሁትም። ሜዳይ ዋጋ የሚኖረው ያልዋለበት ሰው ሊያደርገው ሲከለከል ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የውኃ ቦርድ አባል በ2007 ስብሰባ ላይ ቆሞ ታላቁን የክብር ሜዳይ ተሸልሜያለሁ ብሎ ነበር፤ ወታደርም ሆኖ አያውቅም። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2012 ውሸቱ ውሸት ቢሆንም የመናገር መብት ይጠብቀዋል ብሎ ስለ ሜዳይ መዋሸትን የሚቀጣውን ሕግ ሻረው። እንዲህ ያለው ሰው ባለበት አገር ቦርዱ ባይጠነክር ይገርመኝ ነበር። ነገር ግን ጥንካሬው መዋል ያለበት ማኅደሩ በእጁ እያለ ሌላ ታሪክ በሚነግረው ሰው ላይ ነው። ማኅደሩ የተቃጠለበትን ሰው ከዚያ ጋር በአንድ መስፈሪያ መስፈር ጥንካሬ አይባልም።

ደግሞም ወረቀት የሚጠፋው በእሳት ብቻ አይደለም። የልዩ ኃይሉ ሻምበል ፓሪስ ዴቪስ በ1965 ጁን ወር ቬትናም ውስጥ፣ ቦንግ ሶን አካባቢ፣ ቆስለው ሳለ የቆሰሉ ጓዶቻቸውን ትቼ አልወጣም ብለው ተዋጉ። የእጅ ቦምብ ምላጭ መሳቢያ ጣታቸውን ጎድቶት በትንሿ ጣታቸው ተኮሱ። አለቃቸው ለክብር ሜዳይ አጫቸው፤ ወረቀቱ ጠፋ። በ1969 ቢፈለግ ፋይሉ አልተገኘም። እንደገና ተጻፈ፤ እንደገና ጠፋ። ሻምበሉ ጥቁር ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ይኸው ሜዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1997 መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ሲጠፋ እንደ አጋጣሚ ሊያየው ይከብደዋል። ጓዶቻቸውና በጎ ፈቃደኞች ፋይሉን ከባዶ ጀምረው ሠሩት። ማርች 3 ቀን 2023 ፕሬዚዳንት ባይደን ሜዳዩን አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁ፣ በኋላ ኮሎኔል የሆኑት ዴቪስ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። (ከጦሩ ከወጡ በኋላ እዚሁ ቨርጂኒያ ትንሽ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ጋዜጣ የያዘ ሰው ስለራሱ ሳይጮህ ያን ያህል ዓመት መቀመጡ ለእኛ ለአምደኞች የሚገባን ነገር አይደለም።)

ኮሪያ ሲባል ጆሮዬ መቆሙ አይቀርምና አባባን እዚያ ስለዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ጠይቄያቸው ነበር። ቃኘዎች ከአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር የተሰለፉት፤ ከ120 በላይ ሞተው፣ ከ500 በላይ ቆስለው፣ አንድ ሰው ሳይማረክባቸው ተመለሱ። «ወሬያቸውን ሰምቻለሁ፤ እኛ ግን ሌላ ኮረብታ ላይ ነበርን» አሉኝ። የሆነ ታሪክ ጠብቄ ነበር፤ ሰውዬው አይዋሹም። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ የነበሩት የቃኘው ዘማች ትዝ አሉኝ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመን ሜዳያቸውን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ከሣጥን ግርጌ ቀብረውት ነበር። እሳቸው ሜዳዩ ነበራቸው፤ የሚያደርጉበት ቀን አጡ እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ የሚሄደውን ጥያቄ ሞላን። በስም አይፈለግምና የወታደር ቁጥራቸውን ጠየቅኳቸው። ጠዋት ቁርስ የበሉትን የሚረሱት ሰውዬ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ስምንቱን አሃዝ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ ወስደው፣ እንደ ስም ጥሪ አወረዱት። ጻፍኩ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው በማጉያ መነጽር ቁጥር በቁጥር አዩትና ሦስተኛው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። እኔ አንድ ስጽፍ ራሷ ላይ ቆብ አደርግላታለሁ፤ ትምህርት ቤት እንዲያ ነው የለመድኩት።

«ይህ ሰባት ነው» አሉኝ። «የኔ አንድ ነው። አርመው።»