ድንክዬዎቹ ፊት እንዳይደብቁ

የቤተሰብዎን የድሮ አልበሞች ስካን አድርገው በኮምፒውተር ካታሎግ ሊያደራጁ ነው እንበል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፎቶ ድንክዬ፣ ማለትም በዝርዝሩ ላይ የምትታየውን ትንሽ ምስል ይሠራል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ታዲያ የድንክዬዋን የቀለም ጥልቀት ያስመርጣሉ፦ 8፣ 16 ወይስ 24 ቢት? ይህችን ጥያቄ ዝም ብለው አይለፏት።

የቀለም ጥልቀት እያንዳንዷ የምስል ነጥብ ከስንት ቀለሞች አንዱን መያዝ እንደምትችል የሚወስን ቁጥር ነው። በ8 ቢት 256፣ በ16 ቢት 65,536፣ በ24 ቢት ደግሞ ከ16.7 ሚሊዮን በላይ ቀለሞች አሉ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ፊት ላይ ነው። የቆዳ ቀለም ከግንባር እስከ አገጭ ቀስ በቀስ ይለዋወጣል፤ የነጭ ነጠላ እጥፋትም እንዲሁ። 256 ቀለም ሲያንስ ፊቱ እንደ ካርታ ይሸነሸናል፤ ነጠላውም እጥፋቱ ጠፍቶ ወጥ ይሆናል። ጥላ ውስጥ የቆመውን ሰው መለየት ያስቸግራል። እናትዎ ወይም አያትዎ አጠገብዎ ተቀምጠው «ይቺማ የጎረቤታችን ልጅ ናት» እያሉ ስም የሚያስጽፉዎት እነዚህን ትንንሽ ምስሎች እያዩ ነው። ዛሬ ሳይለዩት ያለፉትን ፊት ነገ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል።

«ቦታ ይፈጃል» የሚለው ስጋትስ? 160 በ120 ነጥብ የሆነች ድንክዬ ሳትታመቅ በ8 ቢት 19 ኪሎባይት፣ በ24 ቢት 58 ኪሎባይት ገደማ ትወስዳለች። ለ5,000 ፎቶዎች ልዩነቱ 200 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ፕሮግራሙ በጄፔግ አምቆ የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ቦታው በእጅጉ ይቀንሳል።

ስለዚህ፦

• ለባለቀለም ፎቶዎች 24 ቢት ይምረጡ።
• ለጥቁርና ነጭ ፎቶዎች 8 ቢት ግራጫ ይበቃል፤ 256ቱም ደረጃዎች ለግራጫ ብቻ ይውላሉና። በዕድሜ ብዛት ቡናማ የሆኑትን ግን እንደ ባለቀለም ይቁጠሯቸው።
• ለደረሰኝና ለጽሑፍ ሰነዶች 8 ቢት አያንስም።
• ኮምፒውተርዎ ያረጀና የሚንቀራፈፍ ከሆነ 16 ቢት መካከለኛ አማራጭ ነው።

ድንክዬ ቅጂ ስለሆነች ምርጫዎ ዋናውን ፎቶ አይነካም፤ ዋናው ካለ ድንክዬዋን እንደገና ማሠራት ይቻላል። ሁሉንም ከማስገባትዎ በፊት በ10 ፎቶዎች ብቻ ይሞክሩና ለቤቱ ትልቅ ሰው ያሳዩ። ፊቶቹን ሳይቸገሩ ከለዩ፣ ምርጫዎ ትክክል ነው።