ካክተሷን በምን አፈር፣ በምን ዕቃ ልትከላት?

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ታላቅ እህቴ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ መስኮቷ ላይ የነበረችውን ካክተስ «እስክመለስ አደራ» ብላ ሰጠችኝ። ስትደውል ከእናታችን ቀጥላ የምትጠይቀኝ ስለ እሷ ነው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አበባ ተክዬ አላውቅም። ያለችበት ፕላስቲክ ጠቧታል፤ ጥቁር አፈሩም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አክስቴ «ፍግ ቀላቅይበት» ትላለች። ጎረቤታችን «በየቀኑ ውሃ ካላጠጣሻት ትሞታለች» ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ የሚያምር ነጭ የሴራሚክ ኩባያ ገዝታልኛለች። የማንን ልስማ? አደራ በላ እንዳልሆን ፈርቻለሁና እባክዎን ምከሩኝ።

ስሜ አይጠቀስ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አደራው ከባድ ነው፤ ተክሏ ግን ከባድ አይደለችም። ቤት ውስጥ ያለ ካክተስን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ሥሩ ላይ የሚቆም ውሃ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ? እንግዲህ አፈርም ሆነ ዕቃ ስትመርጪ የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይወጣል ወይ?

መጀመሪያ ግን ተክሏን ደህና አድርገሽ እያት። እሾኋ የሚወጣው ከትንንሽ፣ ጥጥ ከሚመስሉ ጉብታዎች ላይ ከሆነ እውነተኛ ካክተስ ናት። በየተራራው የምናውቀው የአገራችን ቁልቋል መልኩ ቢመሳሰልም ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፣ ወተቱም ዓይን ከገባ በጣም ይጎዳል። የካክተስ ዘር በሙሉ ለማለት ይቻላል ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። በለስም ካክተስ ነው፤ «የባህር ቁልቋል» መባሉም ያለ ነገር አይደለም። የአፈሩ ጉዳይ ግን ለሁለቱም ያው ነው።

አፈሩ፦ ጥቁሩን አፈር አራግፊው። እንዲህ ዓይነቱ አፈር ሲርስ ጭቃ ሆኖ ውሃውን አልለቅም ይላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቅና ያጠጣሽው ውሃ በስንጥቁ ሾልኮ ይወርዳል፣ ሥሩ ሳይጠጣ ይቀራል። በእሱ ፋንታ በኩባያ እየለካሽ ሦስት ነገር ቀላቅይ፦ አንድ ኩባያ የተነፋ ቀይ አፈር ወይም በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ ኩባያ ሸካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ ኩባያ ደቃቅ ቀይ ጠጠር፤ ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉትን ማለቴ ነው። አሸዋውንና ጠጠሩን ቤት ከሚሠራበት ቦታ ጠይቀሽ ማግኘት ትችያለሽ። ዱቄቱ ውሃ ማውጫውን ስለሚደፍን አጥበሽ አድርቂው። ድብልቁን ለመፈተን አንድ እፍኝ አርጥበሽ ጨብጪና እጅሽን ክፈቺ። ከተበታተነ ጥሩ ነው፤ እንደ ሊጥ ከተያያዘ አሸዋና ጠጠር ጨምሪበት።

አክስትሽ ለጎመንና ለቃሪያ ቢሆን ልክ ናቸው። ካክተስ ግን ፍግ ሲበዛባት ተቻኩላ ታድግና ሰውነቷ ይልላል፣ ለመበስበስም ትመቻለች። ይቅርባት።

ዕቃው፦ የጓደኛሽ ኩባያ ከሥሩ ቀዳዳ አለው? ከሌለው አትትከይበት። ስጦታ ነውና አትጣይው፤ ካክተሷን በትንሽ ባለቀዳዳ ፕላስቲክ ተክለሽ ኩባያው ውስጥ አስቀምጫት። ስታጠጪ አውጫት፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ መልሻት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ያልተቀባ ሸክላ ነው፤ በጎኑም ስለሚተነፍስ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ገንዘብ ካጠረ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ታችውን አራት አምስት ቦታ በምስማር በስተሽ ተጠቀሚ። «ታድግበታለች» ብለሽ ትልቅ ዕቃ አትምረጪ። ከተክሏ ወርድ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ይበቃል፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣልና።

ብዙ ሰው ከታች ጠጠር ይደለድላል። አይጠቅምም፤ ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ ስለማይወርድ ከላዩ ይጠራቀማል። ቀዳዳው ላይ አፈር እንዳይወጣ አንዲት የጀበና ስባሪ ጣል አድርጊ፣ አለቀ።

አተካከሉ፦ ይህን ጋዜጣ አንብበሽ ስትጨርሺ አንዱን ገጽ እንደ ቀበቶ አጥፊና በእሱ አቅፈሽ አንሻት፤ እሾኋ አይወጋሽም። የድሮውን አፈር በቀስታ አራግፊ። ጠቁሮ የላላ ሥር ካለ በንጹሕ መቀስ ቁረጪና ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አቆያት። ከዚያ በደረቅ አፈር፣ ድሮ በነበረችበት ጥልቀት ትከያት። አንገቷን አትቅበሪ። ውሃ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያህል አትስጫት፤ የተላጠ ሥር ውሃ ሲያገኝ ይበሰብሳል።

ጎረቤታችሁንም «እሺ» ብለሽ አመስግኚያቸው፣ ግን በየቀኑ አታጠጪ። ስንጥር እስከ ታች ሰክተሽ አውጪው። እርጥብ ከሆነ ወይም አፈር ከያዘ ተያት፤ ደርቆ ከወጣ ውሃው ከሥር እስኪፈስ አጠጫትና እስከሚቀጥለው ድርቀት እርሻት። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ትሁን። በክረምት በረንዳ ላይ ከሆነች ዝናቡ ከማያገኛት ቦታ አስገቢያት፤ ውሃዋንም በጣም ቀንሺ።

አንድ ቀን ከሥሯ ቡናማ ሆና ስትለሰልስ ብታገኛትስ? አትደንግጪ፣ ውሃም አትጨምሪ። በንጹሕ ቢላ ከላይ ጤነኛውን ክፍል ቁረጪ፤ ውስጡ ቡናማ ነጥብ እስከማይታይ ድረስ። ቁስሉ ደርቆ ቆዳ እስኪያወጣ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አስቀምጪና በደረቁ ድብልቅ ላይ አቁሚያት። ብዙ ጊዜ አዲስ ሥር ታወጣለች። አደራ የተቀበልሽው ሸክላውን ሳይሆን ተክሏን ነውና ጫፏ እስካለ ድረስ ተስፋ አትቁረጪ።