ቁልፉ ይሰወር፣ አሠራሩ ይገለጥ

ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ በሄድኩበት ዘመን የቤተ ሙከራችን በር የሚከፈተው በፕላስቲክ ካርድ ነበር። ካርዱ ባትሪ የለውም። ታዲያ ኃይሉን ከየት ያገኛል? ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ከደረሰበት ሕግ ነው። በበሩ ላይ ያለው አንባቢ መሣሪያ በሴኮንድ 13.56 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩም በካርዱ ውስጥ በተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ይቀሰቅሳል። በዚህች ጥቂት ኃይል ቺፑ ነቅቶ ከበሩ ጋር በምስጢር ይነጋገራል።

ፊዚክሱ የታመነ ነው። ምስጢሩስ?

እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ የቀረበው ማይፌር ክላሲክ የተባለ ካርድ በብዙ አገሮች የሕንፃ ቁልፍና የባቡር ትኬት ሆኖ አገልግሏል። አምራቹ የምስጠራ ስልቱን ደብቆ ያዘ፤ መደበቁም እንደ ጥንካሬ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ግን ተመራማሪዎች የቺፑን ንብርብሮች እየፋቁ በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ በማንሳት የስልቱን ዋና ክፍል ገለጡት። ቁልፉ 48 ቢት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በዘፈቀደ ይወጣል የተባለው ቁጥርም አስቀድሞ የሚገመት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኔዘርላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካርዱ ሊገለበጥ እንደሚችል አሳዩ። አምራቹ ጥናቱ እንዳይታተም እገዳ ቢጠይቅም፣ የአርነም ከተማ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ጥያቄውን ውድቅ አደረገው።

«ድክመትን ማሳተም ሌባን ማስተማር አይደለምን?» የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ሌባ የሳይንስ መጽሔት እስኪታተም አይጠብቅም፤ ሳያውቅ የሚቀረው የበሩ ባለቤት ነው። ኬርክሆፍስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1883 እንዳስተማረው፣ የምስጠራ መሣሪያ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ሊጎዳን አይገባም፤ ምስጢር ሆኖ መጠበቅ ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። በመርካቶ ቁልፍ የሚቀርጽ ባለሙያ ሁሉ የጓጉንቸርን አሠራር ያውቃል፤ ሆኖም የእኛ ቁልፍ ጥርሶች እንዴት እንደተቀረጹ እስካላየ ድረስ ቤታችን አይከፈትለትም። እ.ኤ.አ. በ2001 በይፋ የታተመው ኤ.ኢ.ኤስ. የተባለ የምስጠራ ስልትም ዓለም ሁሉ እየመረመረው እስከ ዛሬ ጸንቷል።

በአንጻሩ ማይፌር ክላሲክ ከተጋለጠ ከዓመታት በኋላም ከበሮች ላይ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2024 በ131 አገሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ የሆቴልና የሌሎች ሕንፃዎች በሮችን የሚመለከት ድክመት ይፋ ሲሆን፣ ከመነሻዎቹ አንዱ ይኸው ካርድ ነበር።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቻችንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን የበር ካርድ ሲገዙ ከዋጋው አስቀድመው ይጠይቁ፦ የምስጠራ ስልቱ ታትሟልን? በገለልተኛ ተመራማሪዎችስ ተፈትኗልን? ሻጩ «ምስጢር ነው» ካለ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል። እናንተም ተማሪዎች፣ የሰው በር ሳትነኩ የራሳችሁን ካርድ መርምሩ። መጠየቅ የሳይንስ ሥራ ነው፤ ያልተጠየቀ ቁልፍ ግን ባለቤቱን ያዘናጋል።