ግንቡ ሆቴል ሲሆን ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሹ፣ በራት ሰዓት፣ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንደኛው ወገን፣ የጥንት ግንብንና ገዳምን ሆቴል አድርጎ ለባለጸጋ ማከራየት ታሪክን መሸጥ ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ጣራው ወድቆ ጅብ ከሚያድርበት እንግዳ ቢያድርበት ይሻላል ሲል መለሰ። ክርክሩ ያበቃው አዳራሹ ሊዘጋ ስለ ደረሰ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን ስለ ረታ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን በዚህ ገጽ ልንመረምረው ወደድን።

ለዚህ ጉዳይ የስፔን አገር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ «ፓራዶር» የሚባሉ የመንግሥት ሆቴሎች አሉ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጽፍ፣ የመጀመሪያውን በ1928 ዓ.ም. በግሬዶስ ተራሮች መርቀው የከፈቱት ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ናቸው። እርሱ አዲስ ቤት ነበር፤ በ1930 ዓ.ም. ግን በኦሮፔሳ የጥንት መሳፍንት ግንብ ፓራዶር ሆነ። ዛሬ ፓራዶሮቹ ከ90 በላይ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የጥንት ግንቦችና ገዳሞች ናቸው።

ከእነዚህም አንዱ በጋሊሲያ፣ በሲል ወንዝ ገደል አፋፍ፣ በጫካ መካከል የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ1835 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት የገዳማቱን ርስት ሲወርስ መነኮሳቱ ተበተኑ፤ ሕንጻውም ለረጅም ዘመን ተጎሳቆለ። በ2004 ዓ.ም. ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ እንግዳ መነኮሳቱ በጸጥታ ይመላለሱበት በነበረው የድንጋይ ግቢ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል።

ይህ በደል ነውን? እኛስ አይደለም እንላለን። ገበሬው አባታችን እንደሚያውቀው፣ ጭስ የማይገባው ጎጆ የምስጥ ሲሳይ ይሆናል። ሰው ያልኖረበት ቤት አይቆምም። ጣራ የሚያድሰው ገንዘብ ነው፤ በቃል ብቻ የተከበረ ቅርስ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ድንጋይ ይጥላል። ከዚህም በላይ ሆቴሉ ሥራ ካመጣ፣ የመንደሩ ወጣት ሁሉ ወደ ከተማ አይሰደድም።

ነገር ግን ሁለተኛው ወገን ፈጥኖ ደስ አይበለው። በሌዮን ከተማ ሳን ማርኮስ የሚባል፣ ገጽታው እጅግ ያማረ የጥንት ገዳም አለ፤ እርሱም ፓራዶር ነው። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በ1936 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ ግን ይህ ቤት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የታጎሩበት እስር ቤት ነበር። እስረኛው በባዶ ድንጋይ ላይ በተኛበት ቤት ዛሬ እንግዳው በላባ ትራስ ላይ ይተኛል። መተኛቱን አንነቅፍም። ሳያውቅ መተኛቱን ግን እንነቅፋለን፤ የመሳፍንቱን ጋሻ እያሳየ የእስረኛውን ስም የሚደብቅ ግንብ ውሸታም ነውና።

የባለቤትነቱም ነገር ቀላል አይደለም። ፓራዶሮቹ እስከ ዛሬ የመንግሥት ሀብት ናቸው። በጎረቤት አገር በፖርቱጋል በ1942 ዓ.ም. የተጀመሩት ተመሳሳይ ሆቴሎች ግን፣ በ2003 ዓ.ም. አስተዳደራቸው ለግል ኩባንያ ተሰጠ። እርግጥ ነው፣ የመንግሥት መሆኑ ብቻ የአንዱን ሌሊት ኪራይ ለተማሪ ኪስ የሚመች አያደርገውም። ይሁን እንጂ የሕዝብ በሆነው ቤት ሕዝብ ሒሳብ መጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የጥንት ቤት ሆቴል ይሁን፤ ነገር ግን በሦስት ውል። አንደኛ፣ መሬቱና ግንቡ የሕዝብ ሆኖ ይቅር። ሁለተኛ፣ ግቢውና ጸሎት ቤቱ ክፍል ላልተከራየውም ለመንደሩ ሰው ክፍት ይሁን። ሦስተኛ፣ ታሪኩ ሳይቆረጥ ይነገር፤ ያሠራው ጌታ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩን የተሸከመውም ይወሳ።

ነገሩ የስፔን ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በየአገራችን ክፍል ጣራቸው የሚያፈስ የጥንት አዳራሾችና ግቢዎች መኖራቸውን ያስታውስ። ነገ ከእኛ መካከል አንዱ በቢሮ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ውል ይፈርም ይሆናል። በዚያን ቀን ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው የልጅ ልጅ አያቱ የሠራውን ግንብ ሊያይ ሲመጣ፣ የበሩ ዘበኛ «ወዴት ነው?» ብሎ ይመልሰዋልን?