ሜዳው ይሠራ፣ ኮኩም አይቆረጥ!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ቦሌ አካባቢ ከሚኖሩ የሦስት ልጆች እናት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የ14 ዓመቱ ልጄ ባለፈው ክረምት ኳስ ተከትሎ አስፋልት ሲገባ ሚኒባስ ገጨው። አምላክ ይመስገን፣ የተሰበረው እጁ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቴ ‹ልጆቼ ከዚህ በር አይወጡም! ግቢውን በሙሉ አርማታ አስሞልቼ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አደርገዋለሁ› ብሎ ተነስቷል። እናቴ የተከለችው ኮክ፣ ጌሾው፣ ጤና አዳሙ… ሁሉም ሊመነጠር ነው። ‹ተው› ስለው ‹ከልጅሽ ዛፍ ይበልጥብሻል ወይ?› ይለኛል። ተኳርፈናል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ልጁን አተረፈልዎ! ባለቤትዎ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። የደነገጡ አባት ናቸው። የደነገጠ ሰው ደግሞ መላ ሆኖ የሚታየው አጥርና ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ በድንጋጤያቸው አይከራከሯቸው። ሜትር ይዘው ይከራከሯቸው!

ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ ይህን ግቢዎ አይችለውም። በ2021 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ወደ ኦሊምፒክ የገባው የሦስት ለሦስት ጨዋታ እንኳ 15 በ11 ሜትር ይፈልጋል፤ 165 ካሬ ማለት ነው። በ10 ሳንቲም ውፍረት ይሞላ ቢባል፣ ለአንድ ሜትር ኩብ አርማታ 3 ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ብናስብ፣ ወደ 58 ኩንታል ይበላል። 6 በ8 ሜትር ቢሆንስ? 17 ኩንታል ገደማ! የቅጣት መወርወሪያው መስመር ከሰሌዳው 4 ሜትር ከ60 ስለሆነ በደንብ ይገባል። ለሦስት ልጆችና ለጓደኞቻቸው ምን ያንሳል? ሲሚንቶው ከሲሶ በታች ይወርዳል፣ ኮኩም ይተርፋል።

በነገራችን ላይ፣ ጄምስ ኔይስሚት የተባለው መምህር በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ይህን ጨዋታ ሲጀምር ሰገነት ላይ የሰቀለው የኮክ መያዣ ቅርጫት ነበር። ኮክ ቆርጦ ቅርጫት ኳስ መጫወትማ ነውር ነው ብለው ይንገሩልኝ!

አሁን ወደ ግንበኛው እንምጣ። በእርስዎ ሰፈር ብዙ ቦታ ላይ ያለው አፈር ጥቁር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እላዩ ላይ ዝም ብሎ አርማታ ያፈሰሰ ሰው በዓመቱ የተሰነጠቀ ወለል ይታቀፋል። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይውጣ፣ በምትኩ ገረጋንቲ ገብቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። አርማታው ላይም ቢበዛ በየ3 ሜትሩ መለያ መስመር ይውጣለት። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ከመቆፈሩ በፊት ደግሞ የውሃ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ክዳን የት እንዳለ ይጠይቁ። ክዳኑ አርማታ ሥር ከገባ የመምጠጫው መኪና በመጣ ቀን ጉድ ይፈላል!

«ሊሾ ላድርግልሽ» ካለዎት እምቢ ይበሉ። ሊሾ ያምራል፣ ዝናብ ሲነካው ግን ሳሙና ነው፤ ሌላ እጅ ያሰብራል። ገና እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ ይሻከር። በየሜትሩ 1 ሳንቲም ዝቅ እያለ ይሂድ፣ ውሃው እንዳይተኛ። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከ48 ካሬ ላይ 480 ሊትር ይወርዳል፤ ከሁለት በርሜል በላይ ማለት ነው። ይህ ውሃ ወደ ጎረቤት አጥር ከሄደ ጠብ ነው፣ ወደ ጌሾውና ወደ ኮኩ ከሄደ ግን በረከት ነው።

ምሰሶው ከመጫወቻው መስመር ውጭ ይቁም፣ ስፖንጅም ይጠቅለልበት። የቀለበቱ ትክክለኛ ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ነው። ነገር ግን ለትንንሽ ልጆች ጨዋታ የሚፈቀደው 2 ሜትር ከ60 ነው። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የ9 ዓመት ሴት ልጅ እንዳለችዎ ጽፈውልኛል። በአባቷ እቅድ ውስጥ ግን የለችም! ከፍ ዝቅ የሚል ቀለበት ያሠሩና እሷም ትወርውር። ሜዳው የወንዶቹ ብቻ አይደለም።

እህቴ፣ ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ «ከዚህ በር አይወጡም» የሚለው ቃል ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከበር የሚወጣው ሜዳ አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ጓደኛ ፍለጋ ነው። ብቻውን ኳስ ሲያነጥር ሁለት ሳምንት ይቆይ ይሆናል። በሦስተኛው ተመልሶ አስፋልት ዳር ያገኙታል፤ 17 ኩንታሉም የልብስ ማስጫ ይሆናል። ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ ያንኑ አስፋልት መሻገሩ አይቀርም። አባቱ በሩን ከሚዘጉበት እጁን ይዘው አሻጋገር ቢያሳዩት ይሻላል።

ስለዚህ ለባለቤትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ሜዳው ይሠራ፣ እኔም አለሁበት። 6 በ8 ይሁን፣ የእናቴ ዛፍ ይቆይ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በሩ ለሰፈሩ ልጆች ይከፈት፤ ሲመሽ ጨዋታው ይቁም፣ ጎረቤትም ይረፍ።» የተጋጨው ልጅ ጓደኞች ሁሉ ያንኑ መኪና ይሸሻሉና፣ ወላጆቻቸውም ይመርቁዎታል። ይህን ሲሰሙ ኩርፊያው የሚቆይ አይመስለኝም።

ውጤቱን ይጻፉልኝ። ሳምንት በደህና ያገናኘን!