ኪታብ ብቻውን ቃዲ አያደርግም፤ ዲግሪም እንዲሁ



በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ወጣቶች መካከል አንድ ክርክር ደጋግመን እንሰማለን። አንዱ ወገን «ቃዲ ለመሆን ኪታብ መቅራት ይበቃል፤ የመንግሥት ሕግ ለመንግሥት ዳኛ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «የሕግ ዲግሪ የሌለው ሼህ እንዴት ይፈርዳል?» እያለ ያፌዛል። እኛ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። ያደግነው በመድረሳ፣ ከኡስታዞቻችን እግር ሥር ኪታብ እየቀራን ነው። ስለዚህ ይህን የምንለው ኡለሞቻችንን ዝቅ ለማድረግ እንዳልሆነ ይታወቅልን።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት እርከን አደራጀ፦ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ እና ጠቅላይ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና ውርስ የእነሱ ጉዳይ ነው። ለቃዲነት ከሚጠየቀው ዋናው የእስልምና ሕግ ትምህርት ወይም በቂ እውቀት ነው። ነገር ግን ያው አዋጅ ፍሬ ነገሩ በሸሪዓ፣ ሥነ ሥርዓቱ ግን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲመራ ያዛል። ይህ የ1958 ዓ.ም. ሕግ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ስለ መጥሪያ፣ ስለ መቃወሚያ፣ ስለ ማስረጃ አቀራረብና ስለ ይግባኝ ያልተማረ ሰው ይህን ሕግ በየቀኑ እንዲሠራበት ታዟል ማለት ነው። «የመንግሥት ሕግ አይመለከተኝም» የሚል ቃዲ የራሱን ወንበር ያቆመውን አዋጅ አላነበበም።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር «በሸሪዓ ፍርድ ቤት ልዳኝ አልፈቀድኩም» ብላ ስትቃወም መቃወሚያዋ ታልፎ ተፈረደ። ይግባኙም፣ ሰበሩም አልጠቀማትም። በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ፈቃድ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሻረው። ነገሩ የወደቀው በፈራኢድ ስሌት ስህተት አይደለም፤ የወደቀው ከመነሻው ፈቃድ ስላልነበረ ነው። የባከነው የወራሾች ዕድሜ ግን አይመለስም።

ወደ እኛ ደጋ እንምጣ። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ የአብዛኛው ሟች ንብረት ምንድን ነው? የእርሻ መሬት ይዞታ ነው። ለእሱ የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ። የቲሙን ከአጎቱ ጋር የሚዳኝ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢያካፍል በቅንነት የበደል በር ይከፍታል።

እናንተ ዲግሪ የያዛችሁስ? የሕግ ትምህርት ቤት አውልን፣ ኹልዕን፣ ዒዳን በሚገባ አያስቀራችሁም። «ፍትሐ ብሔር አውቃለሁ» ብሎ የሸሪዓ ወንበር ላይ መቀመጥም ድፍረት ነው። በሐዲስ እንደተላለፈልን ዳኞች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ የእሳት ናቸው፤ ሐቁን እያወቀ የሚያዛባውና ሳያውቅ የሚፈርደው። ሁለተኛው ቅን ልብ ነበረኝ ብሎ አያመልጥም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ለቃዲነት የሚታጩ ሰዎች ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ፊቅህን ከኡለሞች ፊት፣ ሥነ ሥርዓትንና የመሬት ሕግን ከባለሙያ ፊት ይፈተኑ። ቃዲዎችን ለሹመት የሚያቀርቡ አካላትም ዝምድናንና ዕድሜን ሳይሆን እውቀትንና አማናን ይመዝኑ። አንተ ደረሳ፣ ከኪታብህ ጎን የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንብብ። አንተ የሕግ ተማሪ፣ ለክረምት አገር ቤት ስትመጣ ሼሁ ዘንድ ተቀመጥ።

ዛሬ ካልተዘጋጀን ነገ የእናቶቻችንን ሐቅ ማን ይጠብቃል? አላህ ያግራልን። ወላሁ አዕለም።