«የቤት እንስሳ» እና «ፔት»፦ የጀማሪ እንግሊዝኛ ትምህርት ከየትኛው እንስሳ ይጀምር?

መግቢያ

እንግሊዝኛን ለሚጀምሩ ተማሪዎች ከሚዘጋጁ መጻሕፍት መካከል ስለ እንስሳት የሚናገር ምዕራፍ የሌለውን ማግኘት ያዳግታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እንስሳ በሥዕል ለማሳየት ይቀላል፤ ቀለም፣ መጠን፣ ቁጥርና እንቅስቃሴ አለው፤ ልጆችም ስለ እርሱ ማውራት ይወዳሉ። በዓለም አቀፍ ገበያ በሚሸጡ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ፔት?» በሚል ጥያቄ ነው። ውሻ፣ ድመት፣ ጥንቸልና የወርቅ ዓሣ በሥዕል ይቀርባሉ፤ ተማሪውም አንዱን መርጦ ስሙን፣ ቀለሙንና የሚወደውን ምግብ እንዲናገር ይጠየቃል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የእንስሳት ርእስ ለጀማሪ ተማሪ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን በ«ፔት» አጥር ውስጥ ሲታጠር ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ልጅ እውነተኛ መልስ የሌለው ጥያቄ ይሆናል። ስለሆነም ንግግሩ ተማሪው በሚያውቃቸው፣ በቤቱና በአካባቢው ሥራ ባላቸው እንስሳት ሊጀምር ይገባል። ይህን የምንለው ለባህል ከመቆርቆር ብቻ አይደለም፤ ሰዋስውም ሆነ የቋንቋ ትምህርት ምርምር ወደዚሁ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

የትርጉሙ ክፍተት

መምህሩ ጥያቄውን በአማርኛ ለማብራራት ሲፈልግ በቅርብ የሚያገኘው ሐረግ «የቤት እንስሳ» የሚለው ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። «ፔት» ለሥራ ወይም ለምግብ ሳይሆን ለጓደኝነትና ለደስታ ተብሎ የሚያዝ እንስሳ ነው። «የቤት እንስሳ» ግን የዱር ያልሆነውን ሁሉ ይጠቀልላል፤ በሬውም፣ አህያውም፣ ዶሮዋም በዚህ ስም ይጠራሉ። ወደ 70 ሚሊዮን የሚገመት የቀንድ ከብት ባለበት አገር «የቤት እንስሳ አላችሁ?» የተባለ የገበሬ ልጅ «ሁለት በሬና አንዲት ላም አሉን» ብሎ ቢመልስ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። በመጽሐፉ የመልስ ዝርዝር ውስጥ ግን በሬ የለም።

ውሻና ድመት በሁለቱም ዓለም መገኘታቸው ክፍተቱን አይሞላውም። በብዙ ግቢ ውሻ ጠባቂ ነው፤ ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን ይታሰራል። ድመት አይጥ አዳኝ ናት። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም የሰው ሕይወት በሚቀጥፍበት አካባቢ ወላጅ ልጁን «ወደ ውሻው አትቅረብ» እያለ ያሳድጋል። በሃይማኖት ሥርዓት ምክንያት ውሻን ከመኖሪያ ክፍላቸው የማያስገቡ ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ልጆች ውሻን አቅፎ የሚተኛ ሕፃን ሥዕል ከሚያውቁት ዓለም ጋር አይገጥምላቸውም።

በዚህ ጊዜ መምህሩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የልጁን መልስ አርሞ ወደ ጥንቸሉና ወደ ወርቅ ዓሣው መመለስ ነው። ልጁም ዓሣ ሳይኖረው ዓሣ እንዳለው፣ ስም ሳያወጣለት ስም እንዳወጣለት መናገር ይለምዳል። ከዚህ ልምምድ የሚቀስመው ከቃላቱ የበለጠ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ የተጻፈውን የሚደግሙበት እንጂ የሚያውቁትን የሚናገሩበት ቋንቋ አለመሆኑን ይማራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ዛሬ የሌለውን ዓሣ እንዲገልጽ የተጠየቀው ልጅ ከዓመታት በኋላ ባዮሎጂንና ታሪክን በዚያው ቋንቋ በራሱ አነጋገር እንዲያብራራ ይጠበቅበታል። የቃል በቃል ድግግሞሽ ልማድ በዘጠነኛ ክፍል በድንገት የሚጀምር አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የልጁን መልስ የትምህርቱ መነሻ ማድረግ ነው።

በሬውና አህያው የሚያስተምሩት ሰዋስው

የአካባቢ እንስሳት ለጀማሪ የሚያስፈልገውን ሰዋስው ከ«ፔት» ባላነሰ፣ ምናልባትም በላቀ ሁኔታ ያቀርባሉ። አማርኛ አፉን የፈታበት ተማሪን ለምሳሌ እንውሰድ።

አስቀድሞ የባለንብረትነትን አገላለጽ እንመልከት። «ላም አለችን» ስንል ግሡ የሚስማማው ከላሟ ጋር ነው፤ ባለንብረቶቹ የሚታወቁት በግሡ መጨረሻ ላይ በተቀጠለው ምዕላድ ነው። በእንግሊዝኛው «ዊ ሃቭ ኤ ካው» ግን የዓረፍተ ነገሩን መነሻ የሚይዙት ባለንብረቶቹ ናቸው። ይህ ለተማሪው አዲስ አወቃቀር ነው። አዲስ አወቃቀር ደግሞ የሚለመደው ይዘቱ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው፤ ልጁ «ስንት ላም አለን?» ብሎ ማሰብ ሳያስፈልገው ትኩረቱን ሁሉ በቅርጹ ላይ ማሳረፍ ይችላል።

ቀጥሎ የቁጥር ጉዳይ አለ። በአማርኛ «ሦስት ፍየል» ማለት ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ብዛትን ስለገለጸ ስሙ የብዙ ቁጥር ምዕላድ የግድ አይጠይቅም። እንግሊዝኛ ግን ይጠይቃል። ስለዚህ ፍየል፣ ላምና አህያ ለመነሻ ይመቻሉ፤ የእንግሊዝኛ ስማቸው በመደበኛው መንገድ ይበዛል። በሬና በግ ግን ዘግየት ቢሉ ይመረጣል። «ኦክስ» ሲበዛ «ኦክሰን» ይሆናል፤ «ሺፕ» ደግሞ ሲበዛም አይለወጥም። በግ ሌላም ችግር አለበት። በእንግሊዝኛ የበግና የመርከብ ስሞች የሚለያዩት በአናባቢያቸው ብቻ ነው፤ በፊደላችን ሁለቱም «ሺፕ» ተብለው መጻፋቸው ልዩነቱ ለጆሯችን ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ያሳያል።

ሦስተኛው የተውላጠ ስም ጉዳይ ነው። አማርኛ በነጠላ ቁጥር ሁሉን በ«እሱ» ወይም በ«እሷ» ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ግን ለእንስሳ በአብዛኛው «ኢት» ይላል። ሆኖም ስም የወጣለትንና የቀረበውን እንስሳ «ሂ» ወይም «ሺ» ማለት የተለመደ ነው። መጻሕፍቱ ይህን የቅርበት አነጋገር በውሻና በድመት ብቻ ያስተምራሉ። ነገር ግን ገበሬውም በሬውን «ቡሬ» ወይም «ዳለቻ» ብሎ በመልኩ ይጠራል፤ እየጠራ ያርሳል፣ እየጠራ ያሞግሳል። ቡሬን «ሂ» ማለት፣ በገበያ የታየን የማይታወቅ በሬ «ኢት» ማለት፣ ከማንኛውም የመጽሐፍ ማብራሪያ ይልቅ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል።

በመጨረሻም የልማድ ጊዜ ይመጣል። «ይሸከማል» የሚለው ቅርጽ የዘወትር ልማድንም የነገን ድርጊትም ሊገልጽ ይችላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል። አህያው በየቀኑ ውኃ ይሸከማል፤ በሬው ያርሳል፤ ላሟ ወተት ትሰጣለች፤ ዶሮዋ እንቁላል ትጥላለች፤ ውሻው ግቢ ይጠብቃል። እነዚህ ሁሉ የልማድ ጊዜን በተፈጥሯቸው የሚጠሩ፣ በሦስተኛ መደብ ግሡ ላይ የሚጨመረውን የ«ስ» ድምፅ ደጋግመው የሚያለማምዱ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በ«ፔት» ምዕራፍ ውስጥ ግን ግሡ ከ«መውደድ» እና ከ«መጫወት» እምብዛም አይርቅም።

ምርምሩ የሚለው

እ.ኤ.አ. በ1992 ሉዊስ ሞል፣ ካቲ አማንቲ፣ ደብራ ኔፍና ኖርማ ጎንዛሌዝ በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ በሜክሲኮ ተወላጅ ሠራተኛ ቤተሰቦች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ደሃ ተብለው የሚታዩት እነዚህ ቤተሰቦች ሰፊ የዕውቀት ጥሪት እንዳላቸው፣ ከእርሱም መካከል የእርሻና የእንስሳት አያያዝ ዕውቀት እንደሚገኝበት፣ ትምህርት ቤቱ ግን ይህን ሀብት እንደማይጠቀምበት አመለከቱ። የእኛም የእንግሊዝኛ ክፍል ከዚህ የራቀ አይደለም። ጥጃን ከጊደር፣ ወይፈንን ከበሬ፣ በሬን ከኮርማ ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ስለ እንስሳት «ምንም አያውቅም» ተብሎ ከአንድ ሥዕል ይጀምራል።

ሁለተኛው ማስረጃ ስለ ጥያቄ ዓይነቶች ነው። የዘርፉ ተመራማሪዎች መምህሩ መልሱን እያወቀ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ መልሱን ሳያውቅ ከሚጠይቀው ይለያሉ። ሲንቲያ ብሮክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመችው ጥናት መልሳቸው የማይታወቅ ጥያቄዎች የቀረቡላቸው ተማሪዎች ረዘም ያለና በአወቃቀሩ የተወሳሰበ መልስ መስጠታቸውን አሳይታለች። ጥናቱ የተካሄደው በአዋቂዎች ላይ ስለሆነ ለሕፃናት በጥንቃቄ ሊወሰድ ይገባል። ቢሆንም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የድመት ሥዕል በማሳየትና «የእናንተን ፍየሎች ማን ይጠብቃል?» ብሎ በመጠየቅ መካከል ያለው ልዩነት ለማንም አስተማሪ የተሰወረ አይደለም።

ሦስተኛው ማስረጃ የዚህን ጽሑፍ አቋምም ገደብ ያበጅለታል። ቶማስ ቲንካም እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሮበርት ዋሪንግም በ1997 ባሳተሟቸው ጥናቶች በትርጉም የሚቀራረቡ አዳዲስ ቃላት በአንድ ጊዜ ሲቀርቡ እርስ በርስ ስለሚደናገሩ ለመያዝ ይከብዳሉ። ይህ ማለት የወርቅ ዓሣን በበሬ መተካት ብቻውን ትምህርቱን አያሻሽልም። «በሬ፣ ላም፣ ፍየል፣ በግ፣ አህያ» የሚል ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስደገም ያው ችግር ነው። የሚሻለው አንድን እንስሳ ይዞ በዙሪያው ያለውን ሕይወት ማስከተል ነው፤ አህያ፣ ውኃ፣ መንገድ፣ መሸከም፣ ከባድ፣ ማለዳ። ቲንካም እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ሌላ ጥናት በአንድ ጭብጥ የተሳሰሩ ቃላት በቀላሉ እንደሚያዙ አሳይቷል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የከተማ ልጅ ላምም በሬም የለውም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው የከተማ ልጅ የወርቅ ዓሣም የለውም። የአዲስ አበባ ልጅ በበዓል ዋዜማ በጉን ሲጎተት ያያል፤ የጎረቤቱን ውሻ ድምፅ ይለያል፤ በየመንገዱ ጭነት የተሸከሙ አህዮችን ያውቃል። ጥያቄው «ምን አለህ?» ከሚል ወደ «በአካባቢህ ምን ታያለህ?» ቢለወጥ ያለውም የሌለውም እኩል ይናገራሉ። እንዲያውም የንብረት ጥያቄ ላም ያለውንና የሌለውን ልጅ በክፍል ፊት የሚለይ በመሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ፔት» በራሱ ጠቃሚ ቃል ነው የሚል ነው። በተለይ ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ አዋቂዎች ይህ ትክክል ነው። በአሜሪካ ቤት የሚከራይ ሰው ቃሉን በኪራይ ውሉ ላይ ያገኘዋል፤ እንስሳ መያዝ የተከለከለ መሆን አለመሆኑን፣ ተጨማሪ ክፍያ መኖር አለመኖሩን መረዳት አለበት። እንግዲያው ቃሉ ይማር፤ ነገር ግን የሌላ ማኅበረሰብ አኗኗር መግለጫ ሆኖ፣ ከ«የቤት እንስሳ» የሚለይበት ምክንያት ተብራርቶ ይማር። የተማሪው ሕይወት መለኪያ ሆኖ መቅረብ ግን የለበትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። እረኝነት ልጆችን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ሸክም ስለሆነ በመጽሐፍ ማሞገስ አይገባም ይባላል። ማሞገስ እንደማይገባ እስማማለሁ። ነገር ግን ስለ አንድ ሥራ መናገርና ሥራውን ማወደስ የተለያዩ ናቸው። «ከትምህርት በኋላ ጥጆቹን እጠብቃለሁ፤ ይደክመኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነትም ጠቃሚ እንግሊዝኛም ነው።

መምህሩ ራሱ የጊደርን የእንግሊዝኛ ስም ላያውቅ ይችላል የሚል ስጋትም አለ። በዚህ ጊዜ «ገና ያልወለደች ወጣት ላም» ብሎ በቀላል ቃላት ማስረዳት ይበቃል። የማያውቁትን ቃል በሚያውቁት መግለጽ ራሱ ለጀማሪ መማር ያለበት ችሎታ ነው።

ማጠቃለያና የምርምር ጥቆማ

ከላይ የተባለው አዲስ መጽሐፍ እስኪታተም የሚጠበቅ አይደለም። መምህሩ «በአካባቢያችሁ ምን እንስሳ አለ? ምን ይሠራል? ማን ይንከባከበዋል?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎችን በቀላል እንግሊዝኛ ቢያቀርብ፣ ተማሪዎችም ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢጠያየቁ፣ ያለው መጽሐፍ እንኳ ሌላ መልክ ይይዛል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ሜዳው ክፍት ነው። ተማሪ ስለ ራሱ አካባቢ እንስሳ ሲናገርና በሥዕል ስለታየው «ፔት» ሲናገር የመልሱ ርዝመት፣ የግሦቹ ብዛትና የስሕተቱ ዓይነት ይለያያሉ ወይ? በሥራ ላይ ያሉት የመማሪያ መጻሕፍት እንስሳትን በምን ሚና ያቀርባሉ? በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ ያሉት የከብትና የግመል የዕድሜና የጾታ ስያሜዎች ለመምህራን በሚመች ሁኔታ ከእንግሊዝኛ ጋር ተነጻጽረው ቢዘጋጁ ምን ይጠቅማሉ? እነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ አንድ የድምፅ መቅጃና ፈቃደኛ የሆነ ክፍል ይበቃቸዋል።

የጀማሪ እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ወራት ተማሪው ስለ ቋንቋው ያለው እምነት የሚመሠረትባቸው ናቸው። በሬ ያለው ልጅ «በሬ አለን» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲናገርና መምህሩ «ስሙ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ንግግር ተጀምሯል። የክፍሉም ዓላማ ይኸው ነበር።